ባለሜዳው ማን ነው?

በ1985 አሜሪካና ካናዳ በሦስት ወር ተኩል ልዩነት አንድ ዓይነት ፈተና ገጠማቸው። (በዚህ ምዕራፍ የውጭዎቹ ጨዋታዎች ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛዎቹ ደግሞ በእኛው ነው።) ሁለቱም ለሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ነበሩ። ሁለቱም የምድባቸውን የመጨረሻ ጨዋታ የሚያደርጉት በሜዳቸው ነው፤ ለሁለቱም አቻ ይበቃቸዋል። ተጋጣሚዎቻቸው እንኳ ከአንድ ሰፈር የመጡ ናቸው፦ ለአሜሪካ ኮስታሪካ፣ ለካናዳ ሆንዱራስ። የተለያዩት ጨዋታው የት ይደረግ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

አሜሪካኖቹ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችውን ቶራንስን መረጡ፤ ሜዳው የአንድ ኮሌጅ ነበር። ምርጫው የሞኝ አይደለም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ እግር ኳስ ለማየት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ችግሩ ያ ትኬት ገዢ ማንን ሊደግፍ እንደሚመጣ ቀድሞ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ሜይ 31 ቀን ትሪቡኑ ላይ የተቀመጠው 12 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አብዛኛው የኮስታሪካ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካኖቹ በገዛ ሠርጋቸው ላይ ተጋባዥ መሰሉ። ኤቫሪስቶ ኮሮናዶ አንድ ጎል አስቆጠረ፣ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፣ አሜሪካም ከማጣሪያው ወጣች።

ካናዳውያኑ ቶሮንቶም ቫንኩቨርም ነበራቸው። የመረጡት ግን ሴንት ጆንስን ነው። ሴንት ጆንስ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ፣ ከአውሮፓ በኩል ለሚመጣ መርከብ የሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ የሆነች የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት። ነፋሷ ከሰሜን አትላንቲክ በቀጥታ ይመጣል። ትልቅ ስታዲየም የላትም፤ ኪንግ ጆርጅ አምስተኛ የሚባለው ሜዳ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሚታሰብ አልነበረም። ሆኖም ሆንዱራሳውያን ስደተኞች በአውቶቡስ ተጭነው የሚመጡባት ከተማ አይደለችም፤ ከሐሩር አገር የመጣ ተጫዋችም የሚመቸው አየር የላትም። ሴፕቴምበር 14 ቀን ካናዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ጆርጅ ፓኮስ ኑሮውን የሚገፋው በከተማ ውሃ አገልግሎት ተቀጥሮ ነበር። ካናዳ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች፤ ሁለተኛውን ለማየት እስከ 2022 መጠበቅ ነበረባት።

ቶራንስንና ሴንት ጆንስን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት ቡድኖቹ እኩል ስለነበሩ አይደለም። ካናዳ በዚያ ዓመት ጠንካራ ቡድን ነበራት፤ ምናልባት የትም ብትጫወት ታልፍ ነበር። ግን ተመልካች ሜዳን እንደ ተፈጥሮ ነገር ያየዋል። ባለሜዳ ማለት አገሩ የሆነ፣ እዚያው የተገኘ ይመስለዋል። በማጣሪያ ጨዋታ ባለሜዳነት ግን በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከጨዋታው ወራት ቀደም ብሎ የሚወሰን ጉዳይ ነው። በፊፋ ደንብ ከተማውን፣ ስታዲየሙንና የመጀመሪያው ፊሽካ የሚነፋበትን ሰዓት የሚያቀርበው አስተናጋጁ ፌዴሬሽን ነው። ከዚያ በኋላ ማጽደቅና መከልከል የሌላው ሥራ ይሆናል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ደግሞ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። ገንዘብ ያዡ ትልቁን ስታዲየም ይፈልጋል። አሠልጣኙ ጥሩ ሣርና ጩኸት ይፈልጋል። ጉዞ የሚያመቻቸው ሰው ከአውሮፓ ረቡዕ ማታ የሚደርሱት ተጫዋቾች ሌላ የአገር ውስጥ በረራ እንዳይጨመርባቸው ይለምናል። የስፖንሰሩና የቴሌቪዥኑ ሰው ስለ ሰዓቱ ይጨቃጨቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያዡ ነው።

አሜሪካኖች ትምህርቱን የቀሰሙት ቀስ ብለው ነው። በፌብሩዋሪ 1998 የጎልድ ካፑን ፍጻሜ ከሜክሲኮ ጋር በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ሲጫወቱ ከ91 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ለሣጥኑ በረከት ነው። ለቡድኑ ግን ስታዲየሙ ሜክሲኮ ሲቲ ሆኖበት ዋለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሳይቀር ተጮኸበት፣ ሜክሲኮም 1 ለ 0 አሸነፈች። በዓመቱ ኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ውስጥ ለእግር ኳስ ብቻ ተብሎ የተሠራ አንድ አነስተኛ ስታዲየም ተከፈተ። ለአሜሪካ ሊግ ክለቦች የመጀመሪያው ዓይነቱ ነበር። ያኔ የሚይዘው ከ24 ሺህ ብዙ አይበልጥም ነበር። መቀመጫዎቹ ያለ ወንበር ጀርባ የብረት ርብራብ ናቸው፤ ሰው በእግሩ ሲረግጣቸው እንደ ከበሮ ያስተጋባሉ። ፌዴሬሽኑ ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሜክሲኮን የሚያስተናግድበትን ሜዳ ሲመርጥ ዓይኑ እዚህ ላይ አረፈ።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 ማታ ኮሎምበስ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ነበረች። ሜክሲኮዎቹ ለማሟሟቅ ሜዳ ላይ አልወጡም፤ መልበሻ ክፍላቸው ውስጥ ቆዩ ተባለ። ሂሳቡን አስቡት። ፌዴሬሽኑ በሎስ አንጀለስ ሊያገኝ የሚችለውን ተመልካች ሩብ ይዞ ቀርቷል፤ ማለትም ቢያንስ የሦስት እጥፍ ትኬት ገቢ በእጁ ለቋል። በምትኩ ያገኘው ለእሱ የሚጮህ ትሪቡን ነው። አጥቂው ብራያን ማክብራይድ ዓይኑ አብጦ፣ ክላውዲዮ ሬይና ተጎድቶ ሁለቱም ወጡ። ተቀይሮ የገባው ጆሽ ዎልፍ አንዱን፣ ኧርኒ ስቱዋርት ሌላውን አስቆጠሩና 2 ለ 0 አለቀ። ቀጥሎ የሆነው ለአጉል እምነት የሚዳርግ ነው። በ2005፣ በ2009 እና በ2013 ሜክሲኮ ለማጣሪያ እዚያው ኮሎምበስ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ 2 ለ 0 ተሸነፈች። የአሜሪካ ደጋፊዎች ውጤቱን በስፓኒሽኛ መፈክር አደረጉት።

በቅዝቃዜው ላይ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር ብርዱ ነው ብዬ አላምንም። የ2005ቱም የ2013ቱም ጨዋታ የተደረገው በሴፕቴምበር ነው፤ በዚያ ወር ኮሎምበስ ሞቃት ናት። ሳይለወጥ የቆየው ትኬቱ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ትኬት ለሁሉም ክፍት ከመሆኑ በፊት ለደጋፊ ማኅበር አባላትና ለከተማው ክለብ የዓመት ትኬት ገዢዎች ቀርቦ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከቺካጎም ሆነ ከቴክሳስ የሚመጣ የሜክሲኮ ደጋፊ የሚያገኘው ማዕዘን ብቻ ነው። ቦታ መምረጥ ሕዝብ መምረጥ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

ደግሞ ያው ፌዴሬሽን በዚያው በ2001፣ ኮሎምበስ ላይ ከተሳካለት ከስድስት ወር በኋላ፣ ሆንዱራስን ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው አርኤፍኬ ስታዲየም አስተናገደ። የእኛ ሰው ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ያውቃታል። ማንም ከየትም መጥቶ ሰፈር መሥርቶ የሚኖርባት ናት፤ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ሕዝብም ብዙ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን ከ54 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላዩ፣ የሆንዱራስን ሰማያዊና ነጭ ያውለበልባል። ሆንዱራስ 3 ለ 2 አሸነፈች። አሜሪካ በሜዳዋ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትሸነፍ ከቶራንስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይነካ የቆየ ክብር የተሰበረው ዳግመኛ በተጋጣሚ ደጋፊ ፊት ነው። በ2017 ደግሞ ኮስታሪካን ኒው ዮርክ ሥር ባለችው ሃሪሰን ሲያስተናግዱ፣ ቀይ የለበሰ የኮስታሪካ ደጋፊ ትሪቡኑን ተጋርቷቸው 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ በዚያው ማጣሪያ ከዓለም ዋንጫ ቀሩ። የቀሩት በዚያ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ትሪኒዳድ ላይ በመጨረሻው ቀን የጣሉት ነጥብ አለ። ሃሪሰን ላይ ግን አቻ ቢወጡ ኖሮ ያቺ አንዲት ነጥብ ታሳልፋቸው ነበር።

ስለ ሕዝቡ ይህን ያህል። አየሩም ይመረጣል።

የአየር ምርጫ ንጉሥ ቦሊቪያ ናት። ላ ፓዝ ያለው የሄርናንዶ ሲሌስ ስታዲየም ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ኳሷም ባሕሪዋን ትለውጣለች፤ የሚይዛት አየር ስለሳሳ ከሩቅ ስትመታ ትፈጥናለች፣ የምትታጠፍበትንም ቦታ ግብ ጠባቂው ይስታል። ሰውነት ለዚህ የሚለምደው በሳምንታት ነው፤ ክለቦች ግን ተጫዋች የሚለቁት ለቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች ቆላማዋ ሳንታ ክሩዝ ላይ አድረው ጨዋታው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ወደ ላይ ይበራሉ፤ ተጫውተው ሕመሙ ሳይጀምራቸው ለመውረድ። ብራዚል በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈችው በጁላይ 1993 እዚያ ነው፣ 2 ለ 0። ማራዶና ያሠለጥናት የነበረችው አርጀንቲና ደግሞ ሜሲን ይዛ በኤፕሪል 2009 ሄዳ 6 ለ 1 ተመለሰች።

ነገሩን በቁጥር ያየው የኦክስፎርዱ ፓትሪክ ማክሻሪ ነው። በደቡብ አሜሪካ መቶ ዓመት ያህል የተደረጉ 1,460 ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን መረመረ። ሁለቱም ቡድኖች ከአንድ ከፍታ ሲሆኑ ባለሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ 54 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ቦሊቪያና ብራዚል የከፍታ ልዩነቱ 3,700 ሜትር ሲደርስ የደጋው ባለሜዳ ዕድል ወደ 82 በመቶ ይወጣል። ጥናቱ የታተመው በ2007 መጨረሻ፣ ጭቅጭቁ በጋለበት ወቅት ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ፊፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ወስኖ ነበር። የወቅቱ የቦሊቪያ ፕሬዚዳንት ኢቮ ሞራሌስ ተቃውሞውን ራሳቸው መሩት፤ ኳስ ይዘው ተራራ ላይ ወጥተው እስከ መጫወት ደረሱ። በወሩ ወሰኑ ወደ 3,000 ከፍ አለ፣ ለላ ፓዝም ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፤ በ2008 ክልከላው ተነሣ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናትና የመጀመሪያው ክልከላ እንኳ ቢጸና ለጥቂት ታመልጥ ነበር።

ቦሊቪያ በዚህ አልበቃትም። በሴፕቴምበር 2024 ከላ ፓዝ በላይ ወዳለችው ወደ ኤል አልቶ ወጣች፤ ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያዋ እንግዳ ቬኔዝዌላ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሴፕቴምበር 2025 የማጣሪያው መዝጊያ ቀን ብራዚል እዚያ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ቦሊቪያ የአህጉራት ጥሎ ማለፍ ቦታ አገኘች። ያው ቡድን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት የሚደርስበትን ለሚያውቅ፣ ያቺን ቦታ ያመጣላት ተራራው መሆኑ አይሰወርበትም።

ይህ ሁሉ ፍትሐዊ ነው? የሰሜኖቹ ብርድ፣ የደቡቦቹ ከፍታ፣ የመካከሎቹ ሙቀት፤ እያንዳንዱ ያለውን ያመጣል። ሆንዱራስ በፌብሩዋሪ 2013 አሜሪካን ሳን ፔድሮ ሱላ ላይ ያስተናገደችው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ መንግሥትም ቀኑን በዓል አደረገው። 2 ለ 1 አሸነፈች። አሜሪካ ብድሩን የመለሰችው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። ሆንዱራስን ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ወስዳ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ላይ አጫወተቻት። 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ የሆንዱራስ ግብ ጠባቂን ጨምሮ ከዕረፍት በኋላ በብርዱ ምክንያት ያልተመለሱ ተጫዋቾች ነበሩ። ለእኔ መስመሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳን ፔድሮ ሱላ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ ላ ፓዝ ውስጥ ሕፃናት በየቀኑ ይጫወታሉ። በፌብሩዋሪ ሴንት ፖል ውስጥ ግን ማንም ሜዳ ላይ ኳስ አይጫወትም፤ የአሜሪካ ሊግ ራሱ በዚያ ወቅት ዕረፍት ላይ ነው። ሰው በሚኖርበት አየር መመካት አንድ ነገር ነው፤ ራሱ የሚሸሸውን አየር ለእንግዳ ማቅረብ ሌላ።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

የካምቦሎጆን፣ የአዲስ አበባ ስታዲየምን፣ ትሪቡን የሚያውቅ ሰው የሜዳ ጥቅም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ስድብ አለው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው እዚያ ነው፤ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ያቺ 2 ለ 0 በትክክል የምትበቃን ውጤት ነበረች። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ያሸነፍነውም እዚያው ነው። ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈው ሰው ስታዲየሙን ዞሮ መስቀል አደባባይ ይደርስ ነበር።

ስለ ከፍታው ግን ራሳችንን አናታልል። ደጋችን ለእንግዳ ይከብዳል፤ እውነት ነው። ሆኖም 2,350 ሜትር ላ ፓዝ አይደለም፤ ለጥቂት ቀናት ቀድሞ የመጣ፣ ኳሱን ይዞ ዘና ብሎ የሚጫወት ቡድን ይቋቋመዋል። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫው ጥሎ ማለፍ በኃይሉ አሰፋ ካስቆጠረ በኋላ የናይጄሪያው ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለቴ አግብቶ አሸንፈውን ሄዱ፤ ሁለተኛው ጎል የመጣው መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ነው፣ እንግዳው ትንፋሽ ሊያጥረው በሚገባ ሰዓት። ለመልሱ ጨዋታ ናይጄሪያዎች የመረጡት ሌጎስን አይደለም፣ አቡጃንም አይደለም፤ ካላባርን ነው። ከደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ አጠገብ ያለች ወበቃም ከተማ ናት። 2 ለ 0 ተሸነፍን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚያ ወዲህ ፌዴሬሽናችን የመምረጥ ዕድል ነበረው፤ መርጧልም። ባሕር ዳርን አመጣ፣ ሐዋሳን ሞከረ። ባሕር ዳር ላይ በኅዳር 2012 ዓ.ም. አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ስታዲየሙ ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ ቡድኑም ዞር ብሎ የሚያየው ባሕር የሚያህል ሕዝብ ያለው ነበር። ግን ስታዲየሙ ያላለቀ ነበር። ሕንፃው ቆሟል፤ ካፍ የሚጠይቀው ደግሞ ሕንፃ አይደለም። ካፍ የሚልከው ተቆጣጣሪ የሚያየው እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ያለው የራሱ መቀመጫ እንዳለው፣ የመብራቱ ኃይል ለምሽት የቴሌቪዥን ስርጭት እንደሚበቃ፣ የሁለቱ ቡድኖችና የዳኞች መልበሻ ክፍሎች፣ የዶፒንግ ምርመራ ክፍሉ፣ የጋዜጠኞች ሥፍራው፣ የመግቢያ በሩ ሰው የሚቆጥር መሆኑን፣ የሣሩን ሁኔታ ነው። አንድ ሰው በልምድ ከሚገምተው በላይ ጥያቄው ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይሸታል። ቀድሞ ካፍ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ያሳልፍ ነበር። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥርሱን አውጥቶ በየማጣሪያው ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ከገዛ ሜዳቸው አባረረ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር የቀረን ባሕር ዳር ብቻ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚያ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ቀጥሎ ካፍ ባሕር ዳርንም ዘጋ።

በዚህ ጊዜ የምርጫው ጥያቄ ተገለበጠ። ሕዝቡን ማን ያመጣል፣ አየሩ ማንን ይጎዳል የሚሉት ቀሩ። የቀረው ጥያቄ በየት በኩል ብንሄድ ትኬቱ ይረክሳል የሚል ሆነ።

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። ጌታነህ ከበደ ቅጣት ምት አግብቶ 1 ለ 1 አለቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት 28 ቀን ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ስታዲየም ውስጥ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፍን። እንግዳ ነበርን። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 2፣ በዚያው ስታዲየም ባለሜዳ ሆነን ግብፅን ተቀበልን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ በመጀመሪያው አጋማሽ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን ለማሸነፍ ምን ያህል ዓመት ጠብቀን እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ያ ድል ካታንጋ ፊት ሆኖ ቢሆን ምን ይመስል እንደነበር ሳያስብ አይቀርም። ትሪቡኑ ላይ የነበረው ጥቂት የማላዊ ተመልካችና ጥቂት የእኛ ሰው ነው።

የሊሎንግዌው ዘዴ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ ከታንዛኒያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየን፤ ጳጉሜ 4 ቀን እዚያው ዳሬሰላም ዲሞክራቲክ ኮንጎን አስተናግደን 2 ለ 0 ተሸነፍን። በጥቅምቱ ከጊኒ ጋር የነበሩን ሁለቱም ጨዋታዎች አቢጃን ላይ ተደረጉ፤ አንዱ የእነሱ ሜዳ ይባላል፣ አንዱ የእኛ፤ ጊኒም እንደኛው ሜዳዋ የተዘጋባት ስደተኛ ነበረች። የሂሳቡ አመክንዮ ግልጽ ነው። አንድ በረራ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ የልምምድ ሜዳ፣ ሁለት ጨዋታ። የተከራየኸውን ስታዲየም፣ የዳኞቹን ማረፊያ፣ የእንግዳውን ቡድን አቀባበል የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ከትኬት የምታገኘው የለም። በየትኛውም የሂሳብ ክፍል ይህን ውሳኔ የሚቃወም ሰው አይገኝም።

እኔ ግን እቃወማለሁ። ምክንያቴ የኩራት ጉዳይ አይደለም። አንደኛ፣ ጎረቤት ሜዳ ላይ ስትጫወት ተጋጣሚህን ከሜዳው ጋር በነጻ አስተዋውቀኸው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ያስተናገደህ አገር በምድቡ ካንተ ጋር የሚፎካከር ነው፤ ሕዝቡ አንተን የሚደግፍበት ምክንያት የለውም፣ እንዲያውም ነጥብ እንድትጥል ይጸልያል። ሁለተኛ፣ ስደት ካልቀረ ሰውህ ወዳለበት መሰደድ ይቻላል። ደንቡ በአህጉሪቱ ውስጥ ስለሚያስቀረን ዋሽንግተንም ዱባይም አይሆኑም። ጆሃንስበርግ ግን አለች። ጄፒ መንገድና ዙሪያው በኢትዮጵያውያን ሱቅ የተሞላ ነው፤ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ለብሔራዊ ቡድን የሚወጣ ሕዝብ እዚያ አለ። አሜሪካኖች ቶራንስና ዋሽንግተን ላይ የተጎዱበት ነገር፣ የስደተኛ ትሪቡን፣ ለእኛ ጥቅም ሊሆን የሚችልበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው። ከጋናው ጨዋታ በኋላ ለዓመታት ደጋግመን ወደ ጆሃንስበርግ አለመመለሳችን፣ ለበረራ የሚወጣውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ትሪቡኑ የሚያመጣውን ነጥብ በመዝገብ የሚጽፍ ሰው ከጠረጴዛው አለመኖሩን ያሳያል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ኪንሻሳ ነው። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰማዕታት ስታዲየም ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ በሚባል ትሪቡን ፊት፣ ባለሜዳ ሆነን ታንዛኒያን ተቀበልን፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ቡድኑ ሆቴሉን አልለቀቀም። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሣር ላይ፣ አስቀድሞ ማለፉን ካረጋገጠው ከኮንጎ ጋር በእንግድነት ተጫወተና 2 ለ 1 አሸነፈ።